ባዶ ያልነበረችው ደሴት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው መንገዳችን ረዥም ነው፤ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ እንሄዳለን። ከቶኪዮ ተነስተን ወደ ደቡብ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ማሪያና የሚባሉ ደሴቶች በውሃው ላይ ተሰድረው እናገኛለን። ከእነሱ አንዷ ቲኒያን ናት። ስፋቷ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቷም 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዓለም ካርታ ላይ ስሟ ካልተጻፈ በቀር እሷን ራሷን ለይቶ ማየት ያዳግታል።

በዚች ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ አራት የአውሮፕላን መንደርደሪያዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የአውሮፕላን ማረፊያ አልነበረም። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣሉት አውሮፕላኖች የተነሱትም ከዚሁ ነው። ጦርነቱ ባበቃ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ቦታው ተትቶ ዳዋ ዋጠው።

የቲኒያንን ታሪክ ሳገላብጥ ደጋግሞ ያስቆመኝ አንድ ነገር አለ። ወደ ደሴቲቱ የመጣ ኃይል ሁሉ የያዛት እንደ ባዶ መሬት ነው። ባዶ ግን አልነበረችም። ባዶ በሆነችበት ጊዜም በሰው እጅ ነው ባዶ የሆነችው። ስለዚህ የማረፊያውን ነገር ከመንደርደሪያው አልጀምርም፤ ከመሬቱ ባለቤቶች እጀምራለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛን ቀን መናገር በሚያስፈልግበት ቦታ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

በማሪያና ደሴቶች ቻሞሮ የሚባለው ሕዝብ ከ3,000 ዓመታት በላይ ኖሯል። ቻሞሮዎች ቤታቸውን የሚሠሩት በድንጋይ ምሰሶ ላይ ነበር። ምሰሶውን ከኮራል ድንጋይ ጠርበው ያቆሙታል፤ በአናቱም ላይ እንደ ጣባ ክብ ሆኖ የተጠረበ ድንጋይ ይደፉበታል። ላቴ ይሉታል። ከሁሉም ትልቁ ቤት የነበረው ቲኒያን ላይ ነው፤ ታጋ የሚባል አለቃ ቤት እንደነበር ይነገራል። 12 ምሰሶዎች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ ቁመት ከነአናቱ አንድ ፎቅ ቤት ያህላል።

ስፔኖች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጥተው ደሴቶቹን ያዙ። ጦርነቱና አዲሱ በሽታ ከሕዝቡ ብዙውን ጨረሰ። የተረፈውን ደግሞ ለመቆጣጠር እንዲመች ከየደሴቱ እየሰበሰቡ ጉዋም ወደምትባለው ደሴት አጋዙት። ቲኒያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አልባ የሆነችው ያኔ ነው። በ1742 የእንግሊዙ የባሕር አዛዥ ጆርጅ አንሰን መርከበኞቹ ታመውበት እዚያ ቢያርፍ ያገኘው በዱር የሚኖር ከብት፣ ፍራፍሬና የፈረሱ ምሰሶዎችን ነበር።

ስፔን በ1899 ደሴቶቹን ለጀርመን ሸጠች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ በ1914፣ ጃፓን ከጀርመን ነጠቀቻቸው። ከጦርነቱ በኋላ ደሴቶቹን በአደራ እንድታስተዳድር የፈቀደላት የመንግሥታቱ ማኅበር ነው። አዎ፣ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ድረስ ሄደው አቤት ያሉበት ያው ማኅበር ነው። ጃፓን በ1933 ማኅበሩን ጥላ እንደምትወጣ አስታወቀች፤ በአደራ የተሰጧትን ደሴቶች ግን አልመለሰችም።

ጃፓኖች ቲኒያንን የስኳር ደሴት አደረጓት። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጫካው ተመነጠረና አብዛኛው መሬት ሸንኮራ አገዳ ተተከለበት። ፋብሪካ ቆመ፤ አገዳውን ከማሳ ወደ ፋብሪካ የሚያመላልስ ጠባብ የባቡር ሐዲድም ተዘረጋ። የወንጂን ወይም የመተሐራን የአገዳ ማሳ ያየ አድማጭ ነገሩን በዓይነ ሕሊናው መሳል አይቸግረውም። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከኦኪናዋ የመጡ ድሆች ነበሩ፤ ከኮሪያ የመጡም ነበሩ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከ15,000 የማያንስ ሲቪል ሕዝብ ደሴቲቱ ላይ ይኖር ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ከተማው ውስጥ ሱቅ አለ፤ ቤተ መቅደስ አለ። በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ኡሺ በሚባለው ቦታ የጃፓን ባሕር ኃይል የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራ። የመጀመሪያው መንደርደሪያ ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጋር ሲዋጉ አሜሪካኖች ቲኒያንን የፈለጓት በአንድ ምክንያት ነው። ቢ-29 የሚባለው አዲሱ ቦምብ ጣይ አውሮፕላናቸው ከማሪያና ደሴቶች ተነስቶ ቶኪዮን ደብድቦ መመለስ ይችላል። ከዚያ ቀደም ከቻይና እየተነሳ ሞክሮ ነበር፤ ነዳጁን በሂማላያ ተራሮች ላይ በአውሮፕላን ማመላለስ የማይዘለቅ ሆነ። ደሴት ከሆነ ግን ነዳጁም ቦምቡም በመርከብ ይመጣል።

ጎረቤቷ ሳይፓን ከተያዘች በኋላ ሐምሌ 17 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 24 ቀን 1944፣ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ቲኒያን ላይ ወረዱ። ጃፓኖች የጠበቋቸው በከተማው በኩል ባለው ሰፊ ዳርቻ ነበር፤ መርከቦችም ወደዚያው እየተጠጉ አታለሏቸው። ዋናው ጦር የወጣው በሰሜን ምዕራብ በሁለት ጠባብ ዳርቻዎች ነው። የአንደኛው ስፋት 60 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ በወርዱ እንደማለት ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደሴቲቱ ተያዘች። 8,000 ያህል የጃፓን ወታደሮችና ከ300 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል። ሲቪሉ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በድብደባው አልቀዋል፤ በደቡብ በኩል ካለው ገደል ራሳቸውን የወረወሩ፣ የተገፈተሩም አሉ። ከተረፉት ከ10,000 የሚበልጡት በአጥር ተከልለው በመጠለያ ካምፕ ተቀመጡ። ማሳቸው ግን ዶዘር ገባበት።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ፤ እኔን በጣም የመሰጠኝ ክፍል ይህ ነው። ማረፊያውን የሠሩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የግንባታ ሻለቆች ናቸው። ሲቢስ ይሏቸዋል፤ የሻለቆቹ ስያሜ ምኅጻር ሲነበብ በእንግሊዝኛ የባሕር ንቦች የሚል ድምፅ ስለሚሰጥ ነው። ንብ የሚለው ስም ተስማምቷቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ምልምሎች እንደ ሌላው ወታደር ለጋ ወጣቶች አልነበሩም፤ ግድብ የሠሩ፣ መንገድ የጠረጉ፣ ፎቅ ያቆሙ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ጎልማሶች ነበሩ። ቲኒያን ላይ 15,000 ያህል ሆነው ሠሩ።

ችግራቸው ይህ ነበር። አንድ ቢ-29 ነዳጁንና ቦምቡን ይዞ ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል። በለስላሳ አፈር ላይ ብታንደረድሩት ይሰምጣል። ሲሚንቶና ጠጠር ከአሜሪካ ማምጣት ደግሞ የማይታሰብ ነው። መፍትሔው ከእግራቸው ሥር ነበር። ቲኒያን ከባሕር በታች ያደገ ኮራል ወደ ላይ ተገፍቶ የወጣ ደሴት ናት። ኮራል ማለት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ለዘመናት ያከማቹት የኖራ ድንጋይ ነው። ግንበኞቹ ድንጋዩን በድማሚት አፈነዱ፤ ፈጩት፤ በገልባጭ መኪና አምጥተው ደፉት፤ በግሬደር አስተካከሉት። ፍጭ ኮራል ውሃ ሲጠጣና በሮለር ሲጠቀጠቅ እንደ ሲሚንቶ ይያያዛል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ የሠሩ ግንበኞች የባሕር ውሃ ቢያጠጡት ይበልጥ እንደሚጠና በልምድ ደርሰውበት ነበር። በላዩ ላይ አስፋልት አለበሱት።

በቲኒያን ማረፊያዎች ሥራ የተቆፈረው፣ የተሞላውና የተነሳው አፈርና ኮራል 11 ሚሊዮን ያርድ ኩብ፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። በእኛ አገር መንገድ ላይ በየቀኑ የምናየው ሲኖትራክ በአንድ ጊዜ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል ከ500,000 ምልልስ ይበልጣል። ከአራቱ የሰሜን መንደርደሪያዎች የመጀመሪያው በዲሴምበር 1944 አለቀ፤ አራተኛው በሜይ 1945። ሁሉም በዘጠኝ ወር ተኩል ውስጥ ማለት ነው። ከሰሜኑ ማረፊያ ሌላ በደሴቲቱ ወገብ ላይ ሁለት መንደርደሪያ ያለው ሌላ ማረፊያም ተሠራ። በሰሜኑ ብቻ 265 ቢ-29 አውሮፕላኖች የሚቆሙበት ቦታ ተዘጋጀ።

የደሴቲቱ ቅርጽ የኒው ዮርኩን ማንሃተን ይመስላል ብለው አሜሪካኖቹ መንገዶቹን በዚያ ከተማ መንገዶች ስም ሰየሟቸው፤ ብሮድዌይ አለ፣ 42ኛ ጎዳና አለ። ስሞቹ ዛሬም ይጠሩባቸዋል። አገር የናፈቀው ወታደር ያወጣው ስም መሆኑ ይገባኛል። ሆኖም በአጥር ውስጥ ያለው የአገዳ ገበሬ የገዛ ማሳው ብሮድዌይ ሲባል ምን ተሰምቶት ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከ1945 መጀመሪያ ጀምሮ አውሮፕላኖቹ ወደ ጃፓን መብረር ጀመሩ። ደርሶ መልሱ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በማርች 9 ለ10 አጥቢያ፣ በእኛ መጋቢት 1 ቀን 1937 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ከማሪያና ደሴቶች ከ300 በላይ ቢ-29ዎች ተነስተው በቶኪዮ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ጣሉ። ቤቶቹ እንጨትና ወረቀት ነበሩ። በአንድ ሌሊት 100,000 ያህል ሰው ሞተ። ይህ የሆነው ከአቶሚክ ቦምቡ አምስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ሂሮሺማን ስናስታውስ ይህን ሌሊት እንዘነጋዋለን፤ መዘንጋት አልነበረበትም።

ጁላይ 26 ቀን ኢንዲያናፖሊስ የተባለች የጦር መርከብ የአቶሚክ ቦምቡን ዋና ክፍሎች ቲኒያን አድርሳ ሄደች። ከአራት ቀን በኋላ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አሰመጣት። ወደ 1,200 ከሚጠጉት መርከበኞች ውስጥ የተረፉት 316 ናቸው፤ ብዙዎቹ ያለቁት ለቀናት ውሃ ላይ ተንሳፍፈው የሚያነሳቸው አጥተው ነው።

ቦምቡ 3 ሜትር ይረዝማል፤ 4.4 ቶን ይመዝናል። እንደ ተራ ቦምብ በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳት አልተቻለም፤ ከመሬት እስከ ሆዱ ያለው ክፍተት አይበቃውም። ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፈረ። ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ከመኪናው ሥር የሚገባበትን ጉድጓድ አስቡ፤ ያንን አስፍታችሁ በኮንክሪት ልበጡት። ቦምቡን ወደ ጉድጓዱ አወረዱት፤ አውሮፕላኑን እየገፉ ከአፉ ላይ አቆሙት፤ ከዚያም በሃይድሮሊክ ማንሻ ቦምቡን ከታች ወደ ላይ ገፍተው ሆዱ ውስጥ ሰቀሉት። ለሁለቱ ቦምቦች ሁለት ጉድጓዶች ተዘጋጁ።

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. አጥቢያ፣ በደሴቲቱ ሰዓት ከሌሊቱ 8:45፣ ኤኖላ ጌይ የተባለው አውሮፕላን ተነሳ። አብራሪው ፖል ቲቤትስ ነበር፤ አውሮፕላኑን የሰየመው በእናቱ ስም ነው። ከመነሳቱ በፊት እንደ ፊልም መቅረጫ ቦታ መብራት በርቶ ፎቶ ሲነሳ ነበር። ቦምቡን የማዘጋጀት ኃላፊነት ያለበት መኮንን ዊሊያም ፓርሰንስ ግን ሐሳብ ገብቶታል። በዚያው ሰሞን ቢ-29ዎች ሲነሱ ወድቀው ሲቃጠሉ በዓይኑ አይቷል። ይህኛው ቢወድቅስ? ደሴቲቱ ከነሰዎቿ ልትጠፋ ነው። ስለዚህ ፈንጂውን ምድር ላይ አልገጠመውም፤ አየር ላይ ከወጡ በኋላ ጠባብዋ የቦምብ ክፍል ውስጥ ገብቶ በእጁ ገጠመው። አውሮፕላኑ በጣም ስለከበደ ቲቤትስ መንደርደሪያውን እስከ ጫፉ ድረስ ተጠቅሞ ነው የተነሳው።

በሂሮሺማ ሰዓት ከጧቱ 2:15 ቦምቡ ፈነዳ። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኤኖላ ጌይ ከቀኑ 8:58 ላይ ከተነሳበት ማረፊያ ተመልሶ አረፈ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 3፣ ቦክስካር የተባለው አውሮፕላን ከዚሁ ተነሳ። የተላከው ወደ ኮኩራ ከተማ ነበር። ኮኩራን ደመናና ጭስ ሸፈናት። ሦስት ጊዜ ዞሮ ሞከረ፤ አልታየውም፤ ወደ ናጋሳኪ አቀና። በናጋሳኪ ከ70,000 በላይ ሰው በዚያው ዓመት ሞተ።

ኤኖላ ጌይን ዛሬ ማየት የሚፈልግ ቲኒያን መሄድ አያስፈልገውም። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ከአዲስ አበባ ስትመጡ የምታርፉበት ዳለስ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው የስሚዝሶኒያን የአቪዬሽን ሙዚየም ሙሉ አካሉ ከ2003 ጀምሮ ቆሟል። መግቢያው ነፃ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ እዚያ የተጻፈውን የክንፉን ርዝመትና የሞተሩን ጉልበት ብቻ አታንብቡላቸው፤ ከየት መሬት እንደተነሳና የት እንደደረሰም ንገሯቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጦርነቱ ሲያልቅ ወታደሩ ወደ አገሩ ገባ። በ1946 ጃፓኖቹ፣ ኦኪናዋዎቹና ኮሪያውያኑ በመርከብ ተጭነው ወደየመጡበት ተመለሱ፤ እዚያው ቲኒያን ላይ የተወለዱ ልጆችም አብረው። ደሴቲቱ ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ ሆነች። በ1948 ግን ያፕ ከምትባል ደሴት የመጡ የቻሞሮ ቤተሰቦች ሰፈሩባት። አያቶቻቸው ተግዘው ወደወጡባት ምድር ቻሞሮ ተመለሰ ማለት ነው። የዛሬው ሕዝብ መሠረቱ እነሱ ናቸው።

ማረፊያው ግን በደን ተዋጠ፤ ደኑ ደግሞ የምናውቀው ዛፍ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተራቆተው አፈር በጎርፍ እንዳይታጠብ ተብሎ ዘር ከአውሮፕላን ላይ ተበተነ። ዘሩ የእኛ ገበሬዎች ለከብት መኖ የሚተክሉት ሉኪኒያ ነው። ቅጠሉ ጥቃቅን፣ አበባው ነጭ ድቡልቡል፣ ፍሬው ደግሞ ሲደርቅ የሰንበሌጥ ቀለም የሚይዝ ጠፍጣፋ ዛላ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ታንጋንታንጋን ይሉታል። የተቆረጠ ሉኪኒያ እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ የተከለ ሰው ያውቃል። በቲኒያን ሉኪኒያ የማረፊያውን ዳርቻ ሁሉ ጥቅጥቅ አድርጎ ሞላው፤ በአስፋልቱ ስንጥቅ ገብቶም በቀለ። የጃፓን ባሕር ኃይል የኮንክሪት ሕንፃዎች ጣራቸው ተበስቶ፣ ሐረግ ተጠምጥሞባቸው በውስጡ ቆመው ቀሩ። ሁለቱ የቦምብ ጉድጓዶች አፈር ተሞልተው ቆዩ፤ በ2004፣ የ60ኛ ዓመት መታሰቢያው ሲቃረብ፣ ተከፍተው መስታወት ተደረገባቸው። ቦታው ከ1985 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቲኒያን አሁን የአሜሪካ ግዛት የሆኑት የሰሜን ማሪያና ደሴቶች አካል ናት። 2,000 ያህል ሰዎች ይኖሩባታል፤ ከብት ያረባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። እንደ ሚጥሚጣችን ትንሽና የሚያቃጥል በርበሬ አላቸው፤ በስሙ በየዓመቱ በዓል ያከብሩለታል። ነገር ግን የደሴቲቱ ሰሜናዊ ሁለት ሦስተኛ በእጃቸው አይደለም። በ1970ዎቹ በተደረገው ስምምነት መሠረት የአሜሪካ ጦር ለ50 ዓመት በኪራይ ይዞታል፤ ለሌላ 50 ዓመትም ማራዘም ይችላል።

በ2023 መጨረሻ የአሜሪካ አየር ኃይል የሰሜኑን ማረፊያ መልሶ ሊጠቀምበት እንደሆነ ባለሥልጣናቱ ተናገሩ። በ2024 ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የግንባታ ውል ተፈረመ። ዶዘሮቹም ተመልሰው ሉኪኒያውን መንቀል፣ አስፋልቱን መጥረግ ጀመሩ። ጦርነት ቢነሳ ትልልቆቹ የጦር ሰፈሮች ሊመቱ ስለሚችሉ አውሮፕላኖችን በየቦታው መበተን ይሻላል የሚል ስልት ነው ምክንያቱ። ለአሜሪካ ጦር አዛዦች ስልቱ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። እኔ ግን ከደሴቲቱ ሰዎች ጎን ነኝ፤ አውሮፕላን የሚበተንበት ቦታ ሁሉ ሚሳይልም የሚነጣጠርበት ቦታ ይሆናል። 2,000 ሰው ደግሞ ዙሪያው ባሕር በሆነ ምድር የሚሸሽበት የለውም። ውሳኔው ሲወሰን መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

አድማጮቻችን፣ ስልክ ያላችሁ ዛሬ ማታ የሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ ቲኒያን ብላችሁ ፈልጉ። በሰሜኑ ጫፍ አራቱን መስመሮች ወዲያው ታያላችሁ። እዚያ ላይ አትቁሙ። ጣታችሁን ወደ ደቡብ ሳቡት፤ ወደብ አጠገብ ሳን ሆዜ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የታጋ ቤት የነበረው እዚያ ነው። ከ12ቱ ምሰሶዎች አንዱ ከነአናቱ ዛሬም ቆሟል።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)